ከስኳር ሕመም ጋር እየኖርኩ የወደድኩት እንቅስቃሴ

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ስኳር እንዳለባችሁ ለተነገራችሁና፣ መድኃኒታችሁን ተቀብላችሁ ስትወጡ «እንቅስቃሴ ማድረግም አይርሱ» የተባላችሁት ምክር በምን መንገድ እንደሚፈጸም ግራ ለገባችሁ ሰዎች ነው። እኔ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምገኝ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በሒሳብ ሠራተኛነት ወንበር ላይ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ከታወቀብኝ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ፤ ሳይሰለቸኝ የዘለቀውና ጤናዬን በግልጽ የለወጠው ግን ደስ እያለኝ የማደርገው እንቅስቃሴ ነው። የምነግራችሁ ሁሉ ከራሴ ሕይወትና ከሚከታተሉኝ ባለሙያዎች የተማርኩት ስለሆነ፣ የመድኃኒት መጠንን የሚመለከተውን ነገር ሁሉ ከየራሳችሁ ሐኪም ጋር እየተመካከራችሁ አድርጉት።

ሕመሜ የታወቀው በዓይኔ ምክንያት ነው። በሥራ ላይ ቁጥሮች እየደበዘዙብኝ ስለተቸገርኩ መነጽር ለማሠራት ሄድኩ። የመረመረችኝ ባለሙያ ሌሊት ለሽንት እነሣ እንደሆነና ውኃ ይጠማኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም እንዳሉብኝ ስነግራት መነጽሩን አቆየችውና «መጀመሪያ ደምዎን ይመርመሩ፤ ስኳር ካለብዎት ደግሞ እሱ ሳይስተካከል የሚታዘዝ መነጽር ትንሽ ቆይቶ አይሆንዎትም» አለችኝ። በማግስቱ ምግብ ሳልቀምስ የተለካው ስኳሬ 238 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሆነ። በጾም ሆድ የሚለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙ እንዳለ የሚያመለክት በመሆኑ፣ የእኔ ውጤት ብዙ የሚያጠራጥር አልነበረም። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ሁኔታ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የተባለው ምርመራም 9.4 በመቶ ወጣ፤ እሱ ደግሞ ከ6.5 በመቶ ጀምሮ የስኳር ሕመም ይባላል። ዓይኔ ራሱ ስኳሩ ሲወርድ በአመዛኙ ተስተካክሎልኛል፤ እናንተም ዕይታችሁ ድንገት ከተለዋወጠ መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት ደማችሁን ተመርመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፍርሃት ነበሩ። እናቴ በዚሁ ሕመም እግሯን ታማ ስለነበር፣ የተነገረኝን ቃል የሰማሁት እሷን እያሰብኩ ነው። እንጀራን ፈጽሜ ተውኩ፤ ቀኑን ሙሉ ተርቤ እውላለሁ፤ ማታ ግን ያገኘሁትን እበላለሁ። ዘመድና ጎረቤት በደግነት ተነሣስቶ የሽፈራው ቅጠል፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ ያመጣልኝ ጀመር። ሜትፎርሚን የተባለው የታዘዘልኝ የስኳር ክኒን መጀመሪያ ላይ ሆዴን ስላስቸገረኝ፣ ክኒኑን ትቼ በቅጠሉ ብቻ ልሞክር የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። ሐኪሜ ግን መጠኑን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ አደረገልኝ፤ ከምግብ ጋር ስወስደው ደግሞ የሆዴ ችግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀቀኝ። መድኃኒት አልስማማችሁ ሲል ለሐኪም ንገሩ፤ በራሳችሁ አታቋርጡ። ባህላዊ ነገር የምትወስዱ ከሆነም ሳትደብቁ ንገሩት፤ ስኳርን የሚያወርድ ነገር ከክኒኑ ጋር ሲደመር ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላልና።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ያህል፣ ትንፋሽን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዳደርግና ሁለት ቀን አከታትዬ እንዳላቋርጥ ነው። ቁጥሩ ገባኝ፤ እንዴት እንደማደርገው ግን አልገባኝም። ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ያለ ጂም ተመዝግቤ በመሮጫ ማሽን ላይ ስቆም ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም ነበር፤ የከፈልኩበት ወር ሳያልቅ ተውኩት። ማሽኑን የሚወዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለእነርሱ እጅግ ጠቃሚ ነው። ለእኔ ግን እያንዳንዱ ቀን ከራሴ ጋር የምታገልበት ሆነብኝ፤ ታግሎ የሚሠራ ነገር ደግሞ አንድ የሥራ ብዛት ወይም አንድ ጉንፋን ሲመጣ መጀመሪያ የሚተወው እሱ ነው።

ከጂሙ በኋላ ማለዳ ከሚሮጡ የሰፈራችን ወጣቶች ጋር መውጣት ጀመርኩ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን በዝርዝር የምናገረው ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት አደጋ ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ከሜትፎርሚን ሌላ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ክኒን እወስድ ነበር። ይህ መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ስለሆነ፣ ሰው ባይበላም ሥራውን ይሠራል። አንድ ቀን ክኒኑን ውጬ፣ ቁርሱን ስመለስ እበላለሁ ብዬ ወጣሁ። ብዙም ሳንርቅ ላብ አሰመጠኝ፤ የማለዳው ብርድ ገና ስላልለቀቀ የሩጫ ላብ እንዳልሆነ ተሰምቶኛል። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤ ደለቀ፤ አብራኝ የምትሮጠው ልጅ የምትለኝን እየሰማሁ ነገሩ አልጨበጥ አለኝ። «እትዬ፣ ምነው ገረጡ? ስኳርዎ ወርዶ ይሆናል» ብላ ክንዴን ይዛ ወደ አንድ ሱቅ አስገባችኝ፤ ባለሱቁም ለስላሳ ከፍቶ ሰጠኝ። ለስላሳውን ጠጥቼ ቤት ከደረስኩ በኋላ እንኳ ስለካው 74 ነበር።

ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወዲያውኑ መታከም አለበት። 15 ግራም ያህል ስኳር ውሰዱ፤ ይህም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ዳግመኛ ለኩ፤ ካልተስተካከለ ድገሙት፤ ሲስተካከል ደግሞ የሚያቆይ ምግብ ብሉ። ስኳር አልባ የሆነው ለስላሳ ለዚህ አይጠቅምም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች እንቅስቃሴ ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ፤ ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ቀምሳችሁ ውጡ፤ ኪሳችሁም ከረሜላ አይጥፋው። ከሁሉም በላይ አብሯችሁ ስፖርት የሚሠራ ሰው ሕመማችሁንና ምልክቶቹን ይወቅ። ያቺ ልጅ አያቷ ስኳር ስለነበረባቸው ምልክቱን ባታውቅ ኖሮ፣ እኔ ደክሞኝ ነው ብዬ መንገድ ዳር እቀመጥ ነበር። በሌላ በኩል ሜትፎርሚንን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በዚህ መልክ የመውረዱ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የምትወስዱት መድኃኒት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቃችሁ እወቁ።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መንቀሳቀስን ፈራሁት። ነገሩን የለወጠው ጥምቀት ነው። ከዓመቱ በዓላት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ታቦት ሳልሸኝ የዋልኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። በዚያ ዓመትም ጥር 11 ቀን ቁርሴን በልቼ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ከጥምቀተ ባሕሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እያጨበጨብን፣ እየዘመርን፣ በየመሐሉ እየቆምን ስናሸበሽብ ቆየን። ድካም አልተሰማኝም፤ ሰዓትም አላየሁም። ቤት ገብቼ እንደ በዓሉ በላሁ። በበዓል ቀን ማታ 200 የሚያልፈው ስኳሬ በዚያን ዕለት ሲለካ 131 ሆነ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በሌላ ጣት ደገምኩት፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በቀጠሮዬ ቀን ማስታወሻ ደብተሬን ለሲስተር አሳየኋትና ያን ቀን ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት። «ይህ እኮ ራሱ ስፖርት ነው፤ ጡንቻዎ በማሽን ይንቀሳቀስ በሽብሸባ፣ ስኳሩን መውሰዱ አይቀርም» አለችኝና ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ዋናው ችግር ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መድከሙ ነው፤ በዚህም ምክንያት ስኳሩ ወደ ጡንቻ መግባት ሲገባው ደም ውስጥ ይቀራል። ጡንቻ በሚሠራበት ሰዓት ግን ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ በሌላ መንገድ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን ያህል ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከፍ ብሎ ይቆያል። «ሁለት ቀን አከታትለሽ አታቋርጪ» የተባልኩበት ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው። ትእዛዝ ብቻ የነበረው ነገር ምክንያቱ ሲገለጥልኝ ለመፈጸም ቀለለኝ።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ በግቢያችን እድርና ድግስ የሚካሄድበት የጋራ ቤት አለ። ከእኔ ሌላ ስኳር ያለባቸው ሁለት ሴቶች፣ ደም ግፊት ያለባት አንዲት ጡረተኛ መምህርትና ጤነኛ የሆኑ ጎረቤቶቻችን ተነጋግረን፣ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ከሥራ መልስ በስልክ ሙዚቃ እየከፈትን መጨፈር ጀመርን። የጭፈራውን ቅደም ተከተል ያወጣችልን መምህርቷ ናት፤ እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው የእርሷን ነው። በትግርኛ እንጀምራለን፤ በክብ እየዞሩ በከበሮው ምት በቀስታ መራመድ ስለሆነ ሰውነትን ያሟሙቃል። ቀጥሎ ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ እስክስታ እንገባለን። ትከሻና ደረት ሲሠሩ ጉልበት እንደ ልብ ለስለስ ብሎ መቆየት አለበት፤ ጉልበቷን ገትራ የምትመታ ሴት ወገቧን ታማ ትገባለች። ሰውነት ሲግል ጉራጌኛው ይመጣል፤ እግር ከመሬት ቶሎ ቶሎ የሚነሣበት፣ እጅም አብሮ የሚሠራበት ስለሆነ ከሁሉ የሚያልበን እሱ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሰው በዚህ ጊዜ እግሯን ሳታነሣ በእጇ ብቻ ትከተላለች። በመጨረሻ ወደ ትግርኛው ዙር ተመልሰን ትንፋሻችን እስኪረጋ እንዞራለን፤ ድንገት ቆሞ መቀመጥ ራስ ያዞራል፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው።

ልኩን የምናውቀው በቀላል ዘዴ ነው፤ እየጨፈርን እርስ በርስ መነጋገር ከቻልን፣ ግን ዘፈኑን መዝፈን ካቃተን፣ የሚፈለገው መጠን ላይ ነን ማለት ነው። ቃል ማውጣት ካቃተን እናቀዘቅዛለን። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የተሰማው ሰው ግን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለዚህም ነው ጠንከር ያለ ነገር ከመጀመሬ በፊት የልብ ምርመራ ያደረግሁት። ግራ ትከሻዬ ደግሞ ደርቆ ስለነበር እስክስታን የጀመርኩት በጣም በትንሹ ነው። ትከሻ መድረቅ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ እንደሚበዛ የነገረችኝ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ሕመም እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ እንዳንቀሳቅሰው፣ እንዳላስገድደው መከረችኝ። ዛሬ እጄን አንሥቼ ከቁም ሣጥኑ ላይኛ መደርደሪያ ዕቃ አወርዳለሁ።

ጭፈራው ዋናው ቢሆንም በየቀኑ የሚለውጠኝ ከምግብ በኋላ የማደርገው አጭር እንቅስቃሴ ነው። ስኳር በጣም የሚወጣው ከበላን በኋላ ባለው አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ምሳ በልቼ 10 ወይም 15 ደቂቃ ስራመድና በልቼ ስቀመጥ የማገኘው ቁጥር በጣም ይለያያል። በመሥሪያ ቤት ግቢውን እዞራለሁ፤ ቤት ደግሞ ደረጃ አለ። ሊፍት የሌለበት ቤት ስንት ዓመት ሳማርር ኖሬ፣ አሁን ማታ ከእራት በኋላ ቆሻሻ ለመጣልም፣ ዳቦ ለመግዛትም እኔ ነኝ የምወርደው። ቅዳሜና እሑድ ቡና ሲፈላ በአቦልና በቶና፣ በቶናና በበረካ መካከል እነሣለሁ፤ ስኒ አጥባለሁ፣ ለጎረቤት ቡና አደርሳለሁ። በቡናው ላይ የማደርገውን ስኳርም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥቂት ሳምንቱ እየቀነስኩ ተውኩት። የቡና ቁርሱ ግን ትኩረት ይፈልጋል፤ ቆሎና ዳቦ በወሬ መሐል ሳይታወቅ ያልቃል፤ ስለዚህ የራሴን ድርሻ በትንሽ ሳህን ለይቼ እይዛለሁ።

እንጀራን የመለሰልኝ የስኳር መለኪያው ነው ብል ትክክል ነው። ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በዘፈቀደ አልለካም፤ ጥያቄ ይዤ በጥንድ እለካለሁ። ከመብላቴ በፊትና ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክቼ፣ ሙሉ እንጀራ በድንች ወጥ ስበላና ግማሽ እንጀራ በብዙ ጎመንና በምስር ስበላ ያለውን ልዩነት በራሴ ደም አየሁት። ከምግብ በኋላ ከ180 በታች እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ሁለተኛው ሳህን ያንን ይሰጠኛል፤ የመጀመሪያው አይሰጠኝም። ጤፍ ስለሆነ የፈለግነውን ያህል ብንበላ አይጎዳም የሚለው ወሬ በእኔ ላይ እውነት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ወሳኙ መጠኑና አብሮት የሚበላው ነገር ነው።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ ልናገር። እሑድ እሑድ አንዳንዴ ከግቢያችን ሴቶች ጋር ወደ እንጦጦ ፓርክ እንወጣለን። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ አዲስ አበባ ለለመደ ሰው እንኳ ትንፋሽ ይይዛል። መጀመሪያ ቀን ዳገቱን በጥድፊያ ወጥቼ ስለካ ስኳሬ ከመነሻው ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሰውነት ጠንካራ ሥራ ሲገጥመው ጉበት ለኃይል የሚሆን ስኳር ወደ ደም ስለሚለቅ ለጊዜው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ኋላ ተነገረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ስለካው ወርዶ ነበር። ዳገት የማትወዱ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዓይነት ዝግጅት አለላችሁ፤ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ በሚውልበት እሑድ አስፋልት ላይ በሙዚቃ የሚሠራውን የጅምላ ስፖርት ከኋላ ሆናችሁ በአቅማችሁ መከተል ትችላላችሁ።

ከዕድሜዬ የተነሣ ጡንቻዬ እንዳይመነምን በሳምንት ሁለት ቀን ኃይል የሚጠይቅ ነገር እጨምራለሁ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አሸዋ ሞልቼ በእጄ አነሣለሁ፤ ከወንበር ላይ ሳልደገፍ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ስጀምር ከወንበሩ በእጄ ሳልረዳ መነሣት ይከብደኝ ነበር። ስኳርን የሚወስደው ጡንቻ ስለሆነ ጡንቻ ያለው ሰው ስኳሩን የሚያደርግበት ቦታ አለው።

ስለ እግር ሳልናገር ባልፍ በእናቴ ላይ የደረሰውን እንደ መርሳት ይቆጠርብኛል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ሰው ሚስማር ቢወጋው እንኳ ላያውቅ ይችላል። እናቴን ያሠቃያት ያላወቀችው ቁስል ነው። ስለዚህ ለጭፈራም ለመንገድም ጣት የማያጨናንቅ ስፖርት ጫማና የጥጥ ካልሲ አደርጋለሁ፤ ጫማዬን ከማጥለቄ በፊት እጄን አስገብቼ ጠጠር እንደሌለበት አያለሁ። ማታ እግሬን ታጥቤ በጣቶቼ መካከል አደርቃለሁ፤ የውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለምናወልቅ ወፈር ያለ ንጹሕ ካልሲ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከቅዳሴ መልስም እግሬን ሳላይ አልተኛም። እግርን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ደግሞ ለእኛ አይሆንም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም።

ጾም ሲመጣ ብዙ ሰው ይቸገራል። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየት ከግሊቤንክላማይድና ከኢንሱሊን ጋር አደገኛ ነው፤ እኔ ከሐኪሜም ከንስሐ አባቴም ጋር ተነጋግሬ ሰዓቱን አሳጥሬ፣ የክኒኑ መጠንና ሰዓት ተስተካክሎልኝ ነው የምጾመው። ስግደት ራሱ መላ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ሳይበሉ ብዙ መስገድ እንደ ማንኛውም ስፖርት ስኳርን ሊያወርድ እንደሚችል አስቡ፤ የዓይን ሐኪም በዓይናችሁ ውስጥ የሚደማ የደም ሥር እንዳለ ነግሯችሁ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላትን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ተጠይቆ የሚደረግ ነው። የጾም ምግብ የፍስክ ስላልሆነ ብቻ ለስኳር ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ድንች፣ ፓስታ፣ ሩዝና ዳቦ የሚበዙበት ገበታ ቁጥሬን ከፍስኩ ይልቅ ያወጣዋል። ከእኛ ጋር የምትጨፍር ሙስሊም ጎረቤቴ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር በላይ ቀድማ ሐኪሟን ታያለች፤ ከኢፍጣር በኋላ የሚሰገደው ተራዊሕ እንደ እንቅስቃሴዋ እንደሚቆጠርላት ተነግሯት በዚያ ወር ሌላ ከባድ ነገር አትጨምርም።

ሁሉ ነገር እንደ ጅማሬው አልቀጠለም። አንድ ክረምት የቅርብ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ቤት ብዙ ቀን ተቀመጥኩ። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ መዋል፣ በየሰዓቱ የሚቀርበው ንፍሮና ጣፋጭ ሻይ፣ እንቅልፍ ማጣትና ኀዘኑ ተደማምረው በጾም ሆድ የሚለካው ስኳሬ ዳግመኛ ከ190 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ስሄድ ወደ ማጀት እገባለሁ፤ ውኃ እቀዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፤ ቆሞ መሥራት ለሐዘንተኛውም ለእኔም ይጠቅማል። ጭቃና ዝናብ በሚበዛበት ጊዜም የጋራ ቤቱ ተይዞ ከተገኘ ፎቃችን ላይ ባለው ኮሪደር እንሠራለን። ታምማችሁ ትኩሳት ወይም ትውከት ካለባችሁ፣ ወይም ስኳራችሁ ከ300 ካለፈና ሰውነታችሁ ከተዳከመ ግን እንቅስቃሴው ይቅር፤ ውኃ እየጠጣችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ኤ ዋን ሲዬ ከ9.4 ወደ 7.6፣ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ደግሞ ወደ 6.7 ወርዷል። ለአብዛኛው ሰው ከ7 በታች መልካም ነው ይባላል፤ ለአረጋውያንና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሐኪም ከዚያ ላላ ያለ ግብ ሊሰጥ ይችላል። ግሊቤንክላማይዱን ሐኪሜ መጀመሪያ በግማሽ ቀነሰው፤ ቀጥሎም አስቆመኝ። ሜትፎርሚኑ ይቀጥላል፤ ለብዙ ዓመት የወሰደው ሰው ላይ ቫይታሚን ቢ 12 ሊቀንስ ስለሚችል እሱንም አስለካለሁ። ዓይኔን፣ ኩላሊቴንና እግሬን በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ ደኅና ስሜት የሚሰማው ሰውም ምርመራውን ማስቀረት የለበትም፤ ጉዳቱ ሲጀምር አይታወቅምና።

አሁን ትኩረቴ ወደ ታናሽ እህቴ ዞሯል። ስኳር ያለበት ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ምንም ሳይሰማት ይዣት ሄጄ አስመረመርኳት። በጾም ሆድ 114 ሆነ፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ሕመሙ ገና ያልደረሰበት፣ ነገር ግን የተቃረበበት ደረጃ ነው። በአሜሪካ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በዚህ ደረጃ ያሉ ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህሉን ለመቀነስ ሲሠሩ ወደ ስኳር ሕመም የማለፋቸው ዕድል በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እህቴ ጭፈራ አትወድም፤ አላስገደድኳትም። እሷ የምትወደው አትክልት መኮትኮት ስለሆነ፣ ከግቢያችን አጥር ሥር ያለውን ባዶ መሬት ነዋሪዎቹን አስፈቅዳ ጎመንና ቆስጣ ተክላበታለች፤ ማለዳ ማለዳ ትቆፍራለች፣ ውኃ ታጠጣለች። ቀጣዩ ምርመራዋ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አብሬያት እሄዳለሁ።